ከአዲስ አበባ እስከ አርባ ምንጭ፦ የመንገድ ምግብ ቤት በሰዓቱ

ወደ ደቡብ ለመጓዝ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የቱ ቤት ይሻላል?» ብሎ ነው። በዚህ መስመር ለተመላለሰ ሰው ግን ከቤቱ ስም የሚቀድመው ሰዓቱና ቀኑ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ጣት የሚያስቆረጥም ዱለት የሚያወጣ ቤት፣ ያንኑ ዱለት 7 ሰዓት ላይ ቢያቀርብ ባይነካ ይሻላል። ሀዋሳ ሐይቅ ዳር ማለዳ የወጣ አሳ ማታ ሌላ አሳ ነው። ዓርብ ዕለት «ልዩ ጥብስ» የሚል ሰሌዳ ቢሰቀል እንኳ ሥጋው መቼ እንደታረደ ሳይጠየቅ አይታዘዝም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው የምግብ ቤቶች ዝርዝር አይደለም፤ ቤቱ ቢዘጋም ባለቤቱ ቢቀየርም የሚሠራ ነገር ነው።

ከአዲስ አበባ 12 ሰዓት ላይ የወጣ መኪና ቢሾፍቱ ወይም ሞጆ የሚደርሰው በትክክለኛው የቁርስ ሰዓት ነው። እዚህ ላይ ፈጣን መንገዱ ያታልላል። አዳማ የሚወስደውም፣ ከሞጆ ወደ ባቱ የሚታጠፈውም ከተሞቹን በጎን ትቷቸው ነው የሚያልፈው። «ፊታችን ላይ እናገኛለን» እያለ የነዳ ሰው ቁርሱን በምሳ ሰዓት ይበላል። ቁርስ የሚበላበትን ከተማ ከቤት ሳይወጡ መወሰንና መውጫውን አለማለፍ ነው።

የቁርስ ቤት ከሆነ በር ላይ ቆሞ ሁለት ነገር ማየት ይበቃል። አንደኛው የፉል ድስቱ ነው። ጥሩ ፉል ቤት ባቄላውን ሌሊት ቀቅሎ አሳድሮ ጠዋት እየጨለፈ ለየሰዉ ይደቁሳል። ተደቁሶ በሳህን የተደረደረ ፉል ካያችሁ የቀዘቀዘ ነው፤ ማሞቂያው ደግሞ ዘይት ብቻ ይሆናል። ሁለተኛው ዳቦው ነው። ትኩስ ዳቦ ከጎረቤት ዳቦ ቤት በጆንያ ወይም በሳጥን ሲገባ ካያችሁ ተቀመጡ። አንድ ስፔሻል ፉል ከእንቁላልና ከእርጎ ጋር ለሁለት ሰው ከአራት ዳቦ ጋር ይበቃል፤ መጀመሪያውኑ ሁለት ማዘዝ ማባከን ነው፤ መጨመር በማንኛውም ሰዓት ይቻላል። ሽንኩርቱና ቃሪያው ለብቻ እንዲመጣ መጠየቅ ይሻላል፤ አዲስ መከተፉን ታዩታላችሁ፣ ልጆችም ያለ ቃሪያ ይበላሉ።

ዱለት የራሱ ሕግ አለው። ጨጓራ፣ ጉበትና ቀይ ሥጋ ደቅቆ የሚከተፍበት ስለሆነ የሚበላሽበት ፍጥነት ከጥብስ ጋር አይወዳደርም። ጨጓራ ማጠብ ደግሞ ብዙ ውሃ ይጠይቃል። እጅ መታጠቢያው ቧንቧ ደርቆ ከጀሪካን በኩባያ የሚቀዳ ከሆነ የከተማው ውሃ ጠፍቷል ማለት ነው፤ የዚያን ቀን ዱለት ይለፋችሁ። ውሃ ካለና ሰዓቱ ከ3 ካላለፈ ግን ከዚህ መስመር ቁርሶች ሁሉ በላጩ እሱ ነው። አስተናጋጇ «ጥሬ፣ ለብለብ፣ ብስል?» ብላ ትጠይቃለች። ረጅም መንገድ ያለበት ሰው «በደንብ ይብሰል» ይበል፤ ለብለቡን በመልሱ መንገድ፣ አልጋ ባለበት ከተማ መብላት ይቻላል።

«መኪና የበዛበት ቤት ግቡ» የሚለው ምክር ግማሹ ብቻ ነው እውነት። የቆመው መኪና ምን ዓይነት ነው? አይሱዙና ሲኖትራክ ተደርድሮ ካያችሁ ሹፌሮቹ በየሳምንቱ የሚመላለሱ ደንበኞች ናቸው፤ አንድ ቀን ሆዳቸውን ያመመ ቤት ተመልሰው አይገቡም። እዚያ ምግቡ ብዙ፣ ፈጣንና ወፍራም ነው፤ ወንበሩ ግን አይመችም። የሕዝብ ማመላለሻ አውቶቡስ የሚቆምበት ቤት ሌላ ነገር ነው። ብዙ ጊዜ ሹፌሩና ረዳቱ በነፃ ስለሚስተናገዱ ነው መኪናው እዚያ የሚቆመው፤ ተሳፋሪው ደግሞ ዛሬ መጥቶ ነገ የማይመለስ ስለሆነ ቤቱ ስለ ስሙ ብዙም አይጨነቅም። በአውቶቡስ የምትሄዱ ከሆነ ረዳቱን «ስንት ደቂቃ ነው የምንቆመው?» ብላችሁ ጠይቁና፣ ማዶ ያለውን ትንሹን ቤት ተመልከቱ። ለሃያ ደቂቃ የሚሆን ምግብ ፍርፍር፣ ሽሮና በያይነቱ ነው። ጥብስና የተጠበሰ አሳ ለሃያ ደቂቃ አይሆንም፤ ሲመጣ መኪናው ጥሩምባ እየነፋ ነው።

ሜኑ ቢሰጧችሁም ብዙ አትመኑት፤ ከተጻፈው ግማሹ አይኖርም። የሚሠራው ጥያቄ «አሁን የሚደርሰው የቱ ነው?» የሚለው ነው። ይህን ሲጠየቁ አስተናጋጆች ያለቀውን ትተው የተዘጋጀውን ይናገራሉ። አስተናጋጇን «እህቴ»፣ ማጀት ያሉትን ባለቤት ደግሞ «እማማ» ወይም «እትዬ» ብሎ መጥራት ከማጨብጨብ የተሻለ ያስተናግዳል። እማማ ራሳቸው ከማጀት ብቅ ብለው «ሽሮው አሁን ነው የወረደው» ካሉ ሌላ አትፈልጉ።

ስለ ሽሮ አንድ ነገር ልጨምር። የምግብ ቤቱን ንጽሕና መገመት ካቃታችሁ ተጋቢኖ እዘዙ። በሸክላው ውስጥ እየተንተከተከ ነው ገበታ ላይ የሚቀመጠው፤ በዚያ ሙቀት ላይ የሚተርፍ ነገር ብዙ የለም። «ቅቤ ነው ዘይት?» ብሎ መጠየቅ ለጿሚው ብቻ ሳይሆን የሀበሻ ቅቤ ለማይስማማውም ይጠቅማል። ቦዘና ከተባለ ሥጋ አለበት። አጠገቡ የሚመጣውን ጥሬ ሰላጣ ግን ተዉት። የሽሮውን እሳት ያላገኘ፣ በምን ውሃ እንደታጠበ የማይታወቅ እሱ ብቻ ነው።

ቀን ማወቅ እዚህ ላይ ይመጣል። ረቡዕና ዓርብ፣ ሁዳዴ ደግሞ 55 ቀን ሙሉ፣ የክርስቲያን ሥጋ ቤቶች ይዘጋሉ ወይም ይቀዘቅዛሉ። በእነዚህ ቀናት በያይነቱ ከወትሮው በብዙ እጥፍ የተሻለ ነው፤ ምክንያቱም ወጡ ሁሉ በየዕለቱ ተሠርቶ በየዕለቱ ያልቃል። በፍስክ ቀን ግን «በያይነቱ አለ?» ብላችሁ ካዘዛችሁ ሁለትና ሦስት ቀን የተሞቀ ምስር ሊመጣ ይችላል። ሥጋው ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ሐሙስ ወይም ቅዳሜ ትኩስ እርድ ይገኛል፣ ዓርብ ዕለት የሚሸጥ ሥጋ ግን ብዙ ጊዜ የሐሙስ ትርፍ ነው። ሥጋ በጾም ቀን የፈለገ ወደ ሙስሊም ምግብ ቤት መሄድ ነው፤ ከሞጆ እስከ ሻሸመኔና ሀላባ ድረስ ሞልቷል፣ ሰሌዳው ላይ ጨረቃ ወይም «የሙስሊም ምግብ ቤት» የሚል ጽሑፍ አለ። በረመዳን ደግሞ እነዚሁ ቤቶች ቀን ዝግ ሆነው አመሻሽ ላይ ይከፈታሉ፤ ያን ጊዜ ሳምቡሳውና ሾርባው ገና ከእሳት ሲወርድ መድረስ ነው። ሁለቱ ጾሞች የገጠሙ ዓመት ቀን ላይ የሚጓዝ ሰው ሽሮና ፓስታ መልመድ አለበት።

ከመቂ በኋላ አየሩ ይሞቃል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ሀዋሳ ወደ 1,700 ገደማ፣ አርባ ምንጭ ደግሞ ወደ 1,300። ደጋ ላይ እስከ ማታ የሚቆይ ወጥ እዚያ ታች ከሰዓት በኋላ ይጎመዝዛል። እንጀራውም ቶሎ ይደርቃል፤ ጠርዙ ከተሰባበረ የጠዋት ነው። ከዚህ ጀምሮ ምሳ በ6 ሰዓት እንጂ በ9 ሰዓት አይበላም።

ባቱ፣ በቀድሞ ስሟ ዝዋይ፣ የአሳ መንገድ የሚጀምርባት ናት። እስከ አርባ ምንጭ ድረስ በብዙ ሐይቅ ዳር አሳ አለ፤ ነገር ግን «አሳ» የሚለው ስም ብዙ ነገር ይሸፍናል። በብዛት ተጠብሶ የሚመጣው ቆሮሶ (ቲላፒያ) ነው፤ ሙሉውን፣ ጎንና ጎኑ በቢላ በቅርብ በቅርቡ ተተልትሎ በዘይት ይጠበሳል። መተልተሉ ለውበት አይደለም፤ ዘይቱ እስከ አጥንቱ ገብቶ ትንንሾቹን አጥንቶች እንዲያደርቅና ሥጋው በጣት እየተነቀለ እንዲበላ ነው። በትክክል የተጠበሰ ቆሮሶ ሲነካ ይንኮሻኮሻል፣ ውስጡ ግን ነጭና እርጥብ ነው። ተጠብሶ ቆይቶ እንደገና ዘይት የገባ አሳ ጭራው ይጠቁራል፣ ሥጋው ዘይት ይተፋል። ይህን ለማስቀረት ገና ሲታዘዝ «ጥሬውን አሳዩኝ» ማለት ይቻላል፤ ማንም አይቆጣም። ዓይኑ ያልደፈረሰ፣ ስንጥቡ (መተንፈሻው) ቀይ፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት የሚመለስ ከሆነ ይጠበስ። በመጥበሻው ውስጥ ያለው ዘይት እንደ ቡና ከጠቆረ ግን አሳው ምንም ትኩስ ቢሆን ሌላ ቤት ፈልጉ።

ጉላሽ ስታዝዙ «የምን አሳ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ቤት ጉላሹን የሚሠራው ከአምባዛ ነው፤ ረቂቅ አጥንት ስለሌለው ለልጆች ይመቻል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ቅርፊት የሌለው አሳ ስለሆነ ግን በእምነታቸው ምክንያት የማይበሉት ብዙ ናቸው፤ ካልጠየቃችሁ የሚነግራችሁ የለም። በጾም ቀን አሳን እንደ ጾም ምግብ የሚያቀርቡ ቤቶች ብዙ ናቸው፤ ይህን የማይቀበል ጿሚም ብዙ ነው፤ አብሯችሁ የሚበላውን ሰው ሳትጠይቁ አትዘዙለት።

ሻሸመኔ የአራቱም መንገድ መገናኛ ስለሆነች ሁካታዋ ብዙ ነው። ነዳጅ መቅዳትና ቡና መጠጣት ይበቃል፤ ምግቡን ለሀዋሳ ማቆየት ነው። ከከተማው ሰሜናዊ ጫፍ፣ ጃማይካ ሰፈር ከሚባለው አካባቢ፣ ራስ ተፈሪያኖቹ «አይታል» የሚሉትን ያለ ሥጋ የሚሠራ ምግብ ማግኘት ይቻላል፤ ጨው ያነሰው ስለሆነ ለሀበሻ ምላስ አልጫ ይመስላል።

ሀዋሳ አሞራ ገደል፣ የሐይቁ ዳር የአሳ ገበያው፣ ግን የዚህ መስመር እምብርት ነው። ጀልባዎቹ ማለዳ ስለሚመለሱ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ መድረስ ይሻላል፤ ስለዚህ ሀዋሳ አድሮ ጠዋት መሄድ እንጂ ማታ ደርሶ ወደዚያ መሮጥ አያዋጣም። መግቢያው ላይ አነስተኛ ክፍያ ስላለ ዝርዝር ብር ያዙ። መሬት ላይ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ሰው አክለው ቆመው የአሳ አንጀት ይጠብቃሉ፤ ከዛፉ ላይ ደግሞ ጦጣ አለ። አባ ኮዳው ከሩቅ ነው፣ ጦጣው ግን ከሳህን ላይ ይነጥቃል፤ ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ከዛፍ ሥር አትቀመጡ። እዚያው ገዝቶ እዚያው ማስጠበስ ይቻላል፤ ዋጋው በአሳው ቁጥርና ትልቅነት ነው፣ መጥበሻው ገብቶበት እንደሆነ አስቀድሞ መስማማት ያስፈልጋል። ከአሳው ጋር ዳጣ የሚባለው የሚያቃጥል ማባያና ዳቦ ይመጣል። የአሳ ሾርባውን አትለፉት፤ ከጭንቅላትና ከአጥንት ፈልቶ በቃሪያ የሚቃጠል ነው፣ ሎሚ ጨምቁበት። ጥሬውን በሚጥሚጣ የሚበሉም ታያላችሁ። የሐይቅ አሳ ጥገኛ ትል ሊኖርበት ስለሚችል እሱን ላላደገበት ሆድ አልመክርም።

በሀዋሳና በይርጋለም አካባቢ የሲዳማን ቡርሳሜ የሚያቀርብ ቤት ከተገኘ አንድ ለሦስት ሰው እዘዙ። ከእንሰት የሚሠራ፣ በቅቤ የራሰ፣ ሻፌታ በሚባለው ሸክላ የሚቀርብ ነው። ቅቤው ብዙ ስለሆነ ብቻውን ሙሉ ለሙሉ ልጨርስ ያለ ሰው ከሰዓት በኋላውን ተኝቶ ያሳልፋል። ከእርጎ ጋር ይወርዳል፤ ከቀዝቃዛ ለስላሳ ጋር ግን ቅቤው ላንቃ ላይ ይረጋል።

ከሻሸመኔ በሀላባ ቁሊቶ በኩል ወደ ወላይታ ሶዶ ሲወረድ ተራው የቁርጥ ነው። ሀላባ በበርበሬዋ ትታወቃለች፤ የምትገዙ ከሆነ ዛላውን በእጃችሁ ሰብራችሁ እዩ፣ ካልተሰበረ እርጥብ ነው፣ በመንገድ ይሻግታል። ሶዶ ላይ ሥጋ ቤት ስትገቡ ወንበር ላይ ከመቀመጥ በፊት ወደ ሚዛኑ መሄድ ነው። ከተሰቀለው ላይ «ከዚህ» ብሎ መጠቆም የደንበኛው መብት ነው። ለቁርጥ ሻኛ፣ ታላቅና ታናሽ፣ ዳቢት ይፈለጋሉ፤ ሻኛ ስቡ ይበዛል፣ ለጀማሪ ይከብዳል። ለጥብስ ጭቅና ይለሰልሳል፣ ጎድን ደግሞ ከአጥንቱ ጋር ስለሚመዘን ግማሽ ኪሎ ጠይቃችሁ የምትበሉት ከዚያ ያንሳል። ለሁለት ሰው ግማሽ ኪሎ፣ ለአራት አንድ ኪሎ በቂ ነው፤ ግማሹን ቁርጥ፣ ግማሹን ደረቅ ጥብስ ማስደረግ ጥሩ ስልት ነው። ዋጋው የኪሎው ብቻ እንደሆነ፣ ማስጠበሻና እንጀራ ለብቻ እንደሚታሰብ ሚዛኑ ላይ እያለ ይጠየቅ። በልቶ መከራከር ለማንም አያምርም።

የወላይታ ዳጣ ከአዋዜ ጋር አይምታታባችሁ። እሸት ቃሪያ ወይም ሚጥሚጣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከቅመም ጋር ተወቅጦ የሚሠራ ነው፤ አረንጓዴ መሆኑ ያዘናጋል። በጣት ጫፍ ቀምሶ ሁለት ደቂቃ መጠበቅ ነው፤ የሚነሳው ዘግይቶ ነው። ውሃ አያጠፋውም፣ ዳቦ ወይም አይብ ያበርደዋል። ጥሬ ሥጋ የኮሶ ትል ሊያስይዝ እንደሚችል ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ይበላል፤ ነፍሰ ጡር ሴትና ትንሽ ልጅ ግን ጥብሱን ይብሉ። ዳጣም ሆነ አረቄ ትሉን አይገድለውም፤ የሚገድለው እሳት ነው፣ ከያዘም በኋላ ሐኪም የሚያዘው መድኃኒት።

አርባ ምንጭ ስትደርሱ ሁሉም «ኮተሌት ብላችኋል?» ይላችኋል። የአሳው ሥጋ ተነጥሎ፣ ተለጥጦ፣ በእንቁላልና በዳቦ ዱቄት ተለብጦ የተጠበሰ ነው፤ ከሳህኑ የሚተርፍ ስፋት አለው፣ አንዱ ለሁለት ሰው ይሆናል። ስሙን ያገኘው ከጫሞ ሐይቅ በሚወጣው ትልቁ ናይል ፐርች ነው። የእሱ ምርት ግን ከድሮው ቀንሷል፤ ስለዚህ ዛሬ ኮተሌቱ ከሌላ አሳ ሊሠራ ይችላል። ልዩነቱ በሥጋው ይታወቃል፤ የናይል ፐርቹ በወፍራም በወፍራሙ ይነጠላል፣ የቆሮሶው ቀጭንና ልም ነው። ሁለቱም ይበላል፣ ዋጋው ግን አንድ መሆን የለበትም። ምሳን 6 ሰዓት ላይ የማይበላ ሰው ከ8 ሰዓት በኋላ «አሳ አልቋል» ይባላል፤ ይህ ጥሩ ምልክት ነው፣ ቤቱ አሳ አያሳድርም ማለት ነው። ነገ ቀድማችሁ ግቡ።

ወደ ጨንቻ የሚወጣ ሰው ዶርዜ ላይ የቆጮ ቂጣ በማርና በዳጣ ይበላል። ሙቅ ሳለ ነው፤ ከቀዘቀዘ ቆዳ ይሆናል። አረቄም ይቀርባል፤ መንገዱ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ስለሆነ መሪ የያዘው ሰው አይቅመስ።

ስለ ሂሳብ ጥቂት። ትንንሾቹ ቤቶች የነገሯችሁን ዋጋ ይቀበላሉ፤ ሆቴል ያላቸው ግን ከሜኑው ዋጋ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ አንዳንዶቹ የአገልግሎት 10 በመቶም ይደምራሉ። በደጃፉ ላይ ቄጠማ ጎዝጉዛ ቡና የምታፈላው ሴት ብዙ ጊዜ የራሷ ሥራ ነው፤ የእሷ ሂሳብ ከምግቡ ጋር አይከፈልም፣ ሳትከፍሉ ብትሄዱ የምትከስረው እሷ ናት። ቴሌብርና የባንክ መተግበሪያ እስከ ትንሹ ቤት ገብቷል፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ግን ጥሬ ብር ያስፈልጋል፣ በተለይ መቶና ሃምሳ ብር። ሃይላንድ ስትገዙ ክዳኑ ሲከፈት «ቀጭ» ማለቱን ስሙ። የጁስ ቤት ጁስ «ያለ ውሃ፣ ያለ በረዶ» ተብሎ ይታዘዛል። ሆድ ከተበጠበጠ ከየትኛውም መድኃኒት ቤት ኦ.አር.ኤስ. ገዝቶ ፓኬቱ ላይ በተጻፈው መጠን ንጹሕ ውሃ በጥብጦ ቀስ እያሉ መጠጣት ነው፤ ደም ከታየ ወይም ትኩሳት ካለ ጤና ጣቢያ።

አሳ ወደ አዲስ አበባ ይዞ ለመመለስ የሚፈልግ ብዙ ነው። ሙሉ አሳ አትግዙ፤ ሥጋውን ብቻ አስነጥላችሁ፣ በፌስታል ጠቅልላችሁ፣ ያደራችሁበት ሆቴል ፍሪዘር ውስጥ ሌሊቱን በረዶ አስደርጉት። ጠዋት ድንጋይ ሆኖ ከወጣ በበረዶ ሣጥን፣ ሣጥን ከሌለ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ መኪናው ውስጥ ፀሐይ ከማያገኘው ቦታ ይቀመጣል እንጂ ከኋላ ጭነት ላይ አይጣልም። ቀኑን ሙሉ በመንገድ ስለሚዋል በየከተማው ቆሞ ምሳ መብላት የለም፤ ቁርስ ሶዶ ላይ፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ቤት።